የአሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ አጅሬ

ጥቅምት 7
ሠላሳ ስምንት ጠርሙስ አጠብኩ። ሁለቱ እስካሁን ማርማላታ ማርማላታ ይሸታሉ። ስንት ዓመት ታጥበው!

ቀጭኔው ሲያልፍ አንገቱን በበሩ አስግጎ "እንዴት አደሩ እትዬ" አለ። ይህን ደብተር ሰው ቢያገኘው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅበት ብዬ ነው ዶክተሩን ቀጭኔው የምለው። በከንቱ... በኮሌጃችን በር ባየ ቁጥር ጎንበስ የሚል ሌላ ዶክተር የለም።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቁ፣ ከወንዝና ከቦይ ያመጣቸው ናሙናዎች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ፀሐዩ ውሃቸውን እየመጠጠው ነው። ደንቡ በተጣራ የሐይቅ ውሃ መሙላት ነው። ጀሪካኑን ባነሳው ባዶ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው፣ ውስጣቸው ያሉትን ደቃቅ ፍጥረታት ይፈጃቸዋል። ከአትክልተኛው በርሜል አንድ ጣሳ ቀድቼ የጎደሉትን ሞላሁ። የዝናብ ውሃ ነው፣ ምን ይላል? መዝገቡ ላይ በየቁጥራቸው አጠገብ ነጥብ አደረግኩ። ነጥብ ማለት "ከሐይቁ ባልሆነ ውሃ ተሞልቷል" ማለት ነው። ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ጥቅምት 15
አሥራ ሰባተኛው ጠርሙስ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ነገ በደንብ አየዋለሁ።

ጥቅምት 16
አየሁት።

ገላው እንደ ብልቃጥ ነው። ከብልቃጡ አፍ አንገት ይወጣል... ይወጣል... አያልቅም። ጫፉ ላይ ትንሽ ራስ አለች። ራሷ መብራት ሲጠፋ ክብሪት እንደሚፈልግ እጅ ትዳብሳለች፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ከቅጠሉ ሥር። ገላው ግን ንቅንቅ አላለም። ራሷ ሌላ ትንሽ ፍጥረት ነካች። ጎረሰች። ከዚያ ያ ሁሉ አንገት በቅጽበት እልም! ምንም እንዳልሠራ ሰው ብልቃጥ ሆኖ ቁጭ።

"አጅሬ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ማንን ነው?" ቀጭኔው፣ ከበሩ።

"እርስዎን አይደለም ዶክተር።"

ወንበሬን ለቀቅኩለት። አንድ ሰዓት ሙሉ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዓይኑን አሻሽቶ፦

"እትዬ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ከአሥራ ሰባት።"

"አሥራ ሰባትስ?"

ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩለት። ሐይቅ፣ ሰሜን ዳር፣ ከሸምበቆው ሥር። እሱ ራሱ የጻፈው ነው። በገዛ ጽሑፉ ተደሰተ።

ጥቅምት 20
ቀጭኔው አራት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከረመ። ፍጥረቱ በዓለም አዲስ አይደለም፣ ሩቅ ሩቅ ቦታ ይታወቃል። በእኛ አካባቢ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ማንም አይቶት አያውቅም፣ ወይም አይቶት አልጻፈም። "የመጀመሪያው መዝገብ የእኛ ይሆናል" አለ። "የእኛ" ሲል እጁን ወደ እኔም ዘረጋው። ወደ እኔ ነው ወይስ ወደ ጠርሙሱ? ከኋላዬ ነበር ጠርሙሱ።

ከፍጥረቱ ሠላሳ ያህሉን እንድለካ ተነገረኝ።

ጥቅምት 23
አይለካም! የማይክሮስኮፑን የመለኪያ መስመር አንገቱ ጫፍ ላይ አድርጌ ቁጥር ልጽፍ ስል ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። የተሰበሰበውን ልለካ ስል ይዘረጋል። እያየኝ ነው እንዳልል ዓይን የለውም።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ስገባ ፊቴን አይቶ፦

"ምነው? ማን አስቀየመሽ?"

"አጅሬ አልለካ አለኝ።"

ነገርኩት። ከአንድ ህዋስ ብቻ የተሠራ፣ ገላው በሙሉ ሽፋሽፍት የለበሰ፣ በሽፋሽፍቱ የሚዋኝ የውሃ ፍጥረት... ሲሊየት ይባላል አልኩት።

"በዓይን ይታያል?"

"አይታይም።"

"ታዲያ ማን ለካሽው አልለካሽው ብሎ ሊከስሽ ነው?"

"ተው አትቀልድ።"

መቀሱን አስቀመጠ። "ስሚ። ቦርጫም ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ቁጥር ነው የምጽፈው። ትንፋሹን ሲስብ አንድ፣ ሲለቅ አንድ። ሲስብ ያለው ለኩራቱ፣ ሲለቅ ያለው ለሱሪው።"

ጥቅምት 24
ሁለት ዓምድ ሠራሁ። ሲሰበሰብ፣ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ። ሲዘረጋ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያልፋል። ሠላሳ አንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። አንገቴ የእሱን ያህል ተዘረጋ።

ቀጭኔው ሠንጠረዡን አይቶ ቅንድቡን አነሳ። "ግሩም ነው። ይሄን ዘዴ ከየትኛው መጽሐፍ አገኙት?"

"ከሱሪ።"

ጥቅምት 30
ማቅለም። በብር ቀለም ካልተቀለመ የሽፋሽፍቱ ረድፍ አይቆጠርም፣ ካልተቆጠረ ደግሞ ማንነቱ አይታመንም። የመጀመሪያው ዙር ከሰል ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ጭራሽ አልያዘም፣ ባዶ መስታወት። ቀጭኔው "ምናልባት ውሃው ሞቆ ይሆን?" "ምናልባት ብሩ አርጅቶ ይሆን?" እያለ ከጀርባዬ ቆመ። "ምናልባት ሰው ቆሞብኝ ይሆን?" አልኩት። ሄደ። ሦስተኛው ዙር ተሳካ!

ረድፎቹ ገላውን እንደ ጠመዝማዛ ስፌት ይዞሩታል። ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስድስት። ኒውክለሶቹ ሁለት፣ እንደ ባቄላ ጎን ለጎን። ከኋላው ውሃ የምትተፋ አንዲት ኪስ። ሁሉንም በእርሳስ ሣልኩ። ቆንጆ ነው ለካ... ሲቀመጥልኝ።

ኅዳር 4
ቀጭኔው የጽሑፉን ረቂቅ ይዞ መጣ። "ስምዎ ሁለተኛ ይገባል።"

"የት?"

"ከርዕሱ ሥር ነዋ። ከእኔ ቀጥሎ።"

እሺ አልኩ። ወደ ማጠቢያው ሄጄ የታጠቡ ጠርሙሶች ደግሜ አጠብኩ።

ሃያ አራት ዓመት። በስንቱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ "ላብራቶሪውን እናመሰግናለን" ተብሏል! ላብራቶሪው በራሱ ተነስቶ ጠርሙስ ያጠበ ይመስል። አሁን ስሜ... በሙሉ... በታተመ ወረቀት ላይ። ለባሌ ስነግረው "ስንት ሰው ያነበዋል?" አለኝ። ምናልባት አርባ። "አርባ ሰው ሠርግ ነው" አለ።

ኅዳር 9
ዲኗ ሰማች። ዲኗ ከሰማች ግቢው ሁሉ ሰማ። በሩ ላይ ሦስት ሜትር ባነር ተሰቀለ፤ "የሐይቃችን ብርቅ!" ይላል። ሥዕሉ የእኔ ነው። አታሚው ግን ገልብጦ ነው ያተመው።

"ይሄ ጭራው ነው?" አለች ዲኗ ቀና ብላ።

"አንገቱ ነው" አልኳት።

"ወደ ታች የሆነው ለምንድነው?"

"ተገልብጦ ነው።"

ትንሽ አየችው። "ይሁን ግድ የለም። ትሑት ይመስላል።"

ኅዳር 14
ለመጽሔት የላክነውን ጽሑፍ የሚመረምረው ሊቅ መልስ ላከ። ስሙ አይገለጽም፣ ደንባቸው ነው። ልኬቱን ወዶታል። ሥዕሉንም ወዶታል። አንድ ነገር ግን ይጠይቃል፤ ከዚያው ቦታ እንደገና ቀድታችሁ እንደገና አሳዩኝ። አንድ ጠርሙስ ምስክር አይሆንም፣ ይላል።

"ልክ ነው" አለ ቀጭኔው። "አንድ ቀን ይበቃል። ሰሜን ዳር፣ ሸምበቆው ሥር።"

ኅዳር 17
ሐይቅ። አሥር ጠርሙስ። አጅሬ የለም።

ኅዳር 20
ሐይቅ። ሃያ ጠርሙስ። የለም። ቀጭኔው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ቆሞ ሲወጣ ወገቡ ጋ ነበር ውሃው። እኔን ቢሆን ኖሮ ይህን ደብተር ባሌ ነበር የሚጨርሰው።

ኅዳር 24
ሐይቅ። የለም፣ የለም፣ የለም። በነፋሱ ነው ይላል። በወቅቱ ነው ይላል። ነገ መስኮቱ ላይ ያሉትን ጠርሙሶች ሁሉ እንደገና አያለሁ።

ኅዳር 25
ጉዱን አገኘሁት።

አጅሬ በአራተኛውም ጠርሙስ አለ። በሠላሳ አንደኛውም። አራተኛው ከወንዝ ነው። ሠላሳ አንደኛው ከመንገድ ዳር ቦይ። አንድ ፍጥረት በአንድ ወር ውስጥ ሐይቅ፣ ወንዝና ቦይ ምን አዞረው? መኪና አለው?

መዝገቡን ገለጥኩ። አራት፣ ነጥብ። አሥራ ሰባት፣ ነጥብ። ሠላሳ አንድ፣ ነጥብ። ነጥብ የሌላቸውን አየሁ። አንዱም ውስጥ የለም።

ወደ ጓሮ ወረድኩ። አትክልተኛው በርሜሉ አጠገብ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ውሃ ልቅዳ?"

"አንቺ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳትጠይቂ ቀድተሽ ዛሬ ምን አስጠየቀሽ?"

አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁ። አምስት አንገት። ሁለተኛ ጠብታ። ስምንት። ሰፈራቸው ነው!

ሐይቁ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ያስገባሁት እኔ ነኝ። በጣሳ።

ኅዳር 26
ለባሌ ነገርኩት።

"ንገሪው" አለ።

"ስሜስ?"

"ምን ይሆናል?"

"ያወጣዋል። ማን ነው የሚያምነኝ ከዚህ ወዲያ? ሃያ አራት ዓመት የሠራሁት ሁሉ በጣሳ ይለካል።"

ክር በመርፌ አስገባ። "የተሳሳተ ልኬት ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ነው የሚነገረው" አለ።

አውቃለሁ። ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 27
አልነገርኩትም።

ይባስ ብሎ ማስታወቂያ ወጣ። የጽዳት ሳምንት! እንግዶች ይመጣሉ፤ በግቢው የተጠራቀመ ውሃ ሁሉ ይደፋ፣ ትንኝ እንዳይፈለፈል፣ በርሜሎች ነጭ ይቀቡ። ከነገ ጀምሮ። የዲኗ ፊርማ፣ ሁለት መስመር ተሰምሮበት።

አትክልተኛው ወረቀቱን አስነብቦኝ "ነጭ?" አለ። "በርሜል ነጭ? ሙሽራ ነው?"

ውሃው ከተደፋ የሚያውቅ የለም። ሐይቁ እንደ ባለቤት ይቀራል። እኔም ሁለተኛ ስም እሆናለሁ። ማንን ይጎዳል?... ይሄን የጻፈው እጄ ነው?

እስኪመሽ አልጠበቅኩም። በጠራራ ፀሐይ የመጠጥ ውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወረድኩና ከበርሜሉ ሞላሁ። ለምን እንደሆነ ለደብተሬም አልናገርም።

ኅዳር 28
እናገራለሁ። ሁሉንም።

ጠዋት ሐይቅ ሄድን፤ ቀጭኔው፣ እኔ፣ ቀዛፊው። ጠርሙሱ ዘንቢሌ ውስጥ ነው። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ ሸምበቆው ጋ ስንደርስ ወንዶቹ ዞር ሲሉ ልደፋው። ከዚያ ቀጭኔው ሲቀዳ ያገኘዋል። ሊቁ ይደሰታል፣ ዲኗ ትደሰታለች። ሐይቁም ቅር አይለውም።

ግን ዞር አይሉም። ቀዛፊው ፊቱ ወደ እኔ ነው፣ ቀዛፊ ሁሉ እንደዚያው ነው። ቀጭኔው ደግሞ በዚያ ቁመት የማያየው የለም። ፀሐዩ በረታ። ቀጭኔው ላቡን ጠርጎ፦

"ኡፍ! ውሃ ይዘዋል እትዬ?"

ሳልመልስ ከዘንቢሌ ብቅ ያለውን ጠርሙስ ሳበው። ክዳኑን ከፈተ። አፉ ጋ አደረሰ...

"አይጠጡት!"

ጀልባው ተናጋ። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ለቀቀ።

"ምነው?"

"አጅሬ አለበት! ሙሉውን!"

ቀጭኔው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳው። በዓይን ምንም አይታይም፣ እሱ ግን ያየ ይመስል ፊቱ በራ። "አገኙት? አሁን ቀዱት? ከዚህ?"

"አዎ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ፊደል። ውሸቱን ራሱ አዘጋጅቶ፣ አሳምሮ፣ እጄ ላይ አኖረልኝ። ያን የበራ ፊት ሳየው ግን... በእኔ አምኖ ሊጠጣው ነበር እኮ!

"ከበርሜል ነው" አልኩ።

"ከምን?"

"ከጓሮው በርሜል። አሥራ ሰባተኛውንም ከዚያ ነው የሞላሁት። ሐይቁ አያውቀውም ዶክተር። የእኔ ጣሳ ነው።"

ተቀመጠ። ሲቀመጥም ረጅም ነው። ጀልባዋ በራሷ መዞር ጀመረች።

"ታዲያ ዛሬ ጠርሙሱን ለምን አመጡት?"

ይህን እንዳይጠይቀኝ ነበር የምጸልየው። "ልደፋው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እርስዎ እንዲያገኙት።"

ቀዛፊው ሳል ሳል አደረገው። "ጌታዬ፣ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ?"

"ቆይ" አለ ቀጭኔው። እኔን እያየ። "ስንት ጠርሙስ ነው እንዲህ የሞሉት?"

"በዚህ ዙር ስድስት።"

"በስንት ዓመት ስንት? እንዴት ይታወቃል አሁን? የሠራነው ሁሉ እኮ..."

"ይታወቃል። ነጥብ አለው።"

"የምን ነጥብ?"

"መዝገቡ ላይ። ባዳ ውሃ የገባበት ሁሉ ነጥብ አለው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠይቀውኝ አያውቁም።"

ንዴት ነበረው፤ ጆሮው ቀልቶ አየሁት። ከዚያ ጠርሙሱን ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘግቶ እቅፉ ውስጥ እንደ ሕፃን ያዘው። "ወደ ኋላ" አለ ለቀዛፊው። "ቶሎ። በርሜሉን ዛሬ ነው የሚደፉት!"

ደረስን። በርሜሉ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ነጭ ቀለሙ እየደረቀ ነው። አትክልተኛው ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል።

"ጋሼ! ውሃውስ?"

"ጠጣችው።"

"ማን?"

"ጽጌረዳዋ። መሬት ላይ ሊያፈሱት ነበር፣ እኔ በባልዲ ወሰድኩላት።"

ቀጭኔው እቅፉ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ አየ። እኔን አየ። ያው ነው የቀረን፤ እሱ ሊጠጣው፣ እኔ ላጭበረብርበት የነበረው። ሳቁ መጣበት። ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም። ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

"ዝቃጩስ ጋሼ?" አልኩ አፍንጫዬን ጠርጌ። "ከበርሜሉ ሥር የነበረው ጭቃ?"

"አጥሩ ሥር ነው። ለዱባው።"

ሦስታችንም ተንበርክከን በማንኪያ ለቀምን። ቀጭኔው አትክልተኛውን በጥያቄ ወጠረው። በርሜሉ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ገብቶ ያውቃል? አያውቅም። የሐይቅ ውሃ? አያውቅም። ከሌላ ቦታ የመጣ ተክል? ዓሣ? የጠርሙስ እጣቢ?

"ልጄ" አለ አትክልተኛው፣ "ከሰማይ በቀር ማንም አልሞላውም። ይቺ ስትቀዳ እንጂ ስትመልስ አይቻት አላውቅም።"

ኅዳር 29
ከዲኗ ቢሮ። ቀጭኔው ልናገር አለ፣ እኔ አጠገቡ ቆምኩ።

"ፍጥረቱ ከሐይቁ አይደለም።"

"ታዲያ ከየት ነው?"

"ከጓሮ በርሜል።"

"ከየትኛው በርሜል?"

"ትናንት ካስደፉት።"

በመስኮቱ ወደ በሩ አየች። "ባነሩ ግን ተሰቅሏል" አለች።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ እንደ ጥርስ መንቀል ይውጣልኝ ብዬ፦ "ስሜን መቼ ያወጡታል?"

ቆመ። "በጣም ተናድጄብዎታለሁ" አለ። "በጣሳው አይደለም። በዘንቢሉ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ገና አልበረደልኝም።"

"አውቃለሁ ዶክተር።"

"ስለ ስምዎ ጭቃው ሲናገር እንነጋገራለን።"

ጭቃው ይናገር እንግዲህ! አጅሬ ከእሱ ከወጣ ሰፈሩ በርሜሉ መሆኑ ተረጋገጠ። ከመስታወት ሳህን ላይ ደርቆ ተቀምጧል። የተጣራ ውሃ፣ በእጄ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን፣ ጨመርኩበት። ሌላ ምንም። ነጥብ የለውም።

ታኅሣሥ 2
ምንም። ትል ብቻ።

ታኅሣሥ 5
ምንም። ቀጭኔው እንደ ድሮው "እንዴት አደሩ" ይላል፣ "እትዬ" የምትለዋ ግን ቀርታለች።

ታኅሣሥ 7
ወጣ! ከደረቀ ጭቃ! አንድ... ሦስት... አንገቱን ሰዶ ሳህኑን ሙሉ እየዳበሰ። ሲደርቅበት ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር፣ ውሃ ሲያገኝ ነቃ። ኮሪደሩን በሩጫ ተሻገርኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ቀጭኔው አየ፣ ቆጠረ፣ ተነሳ። "እትዬ" አለ።

በቃ። ሌላ ምንም አላለም። በቂ ነው።

አትክልተኛውን ጠርተን አሳየነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ በመጨረሻ አየው።

"ይሄን ነው ሳጠጣት የኖርኩት?"

"ይሄን ነው ጋሼ።"

"ለካ! እኔ እኮ የጽጌረዳዋ አንገት ምን አስረዘመው እላለሁ።"

ታኅሣሥ 10
ቀጭኔው ብዕር ሰጠኝ። ስለ አሠራሩ የሚያትተውን ክፍል እርስዎ ይጽፉታል አለ።

"ስሜ...?"

"ስምዎን ካወጣሁት ይህን ስህተት ማን ሊፈርምበት ነው? እኔ? ጣሳ ይዤ አላውቅም።"

አራት ጊዜ ሰረዝኩ። በአምስተኛው እንዲህ ሆነ፦ "አሥራ ሰባተኛው ናሙና ከሐይቅ የተወሰደ ቢሆንም የጎደለው ውሃ በግቢው በርሜል ውስጥ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ተተክቷል። ፍጥረቱ የተገኘው ከበርሜሉ እንጂ ከሐይቁ አይደለም። ውሃውን የተካችው ሁለተኛዋ ጸሐፊ ናት።"

ቀጭኔው አንብቦ "የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የግድ አይደለም" አለ።

"የግድ ነው" አልኩ።

የዘንቢሉን ነገር አልጻፍኩም። ያ የሳይንስ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ታኅሣሥ 13
ዲኗ ባነሩን አላወርድም አለች። ባሌን ጠራችው። "ሐይቃችን" የሚለው ላይ ነጭ ጨርቅ ደርቦ "በርሜላችን" ብሎ ሰፋበት። ስፌቱ አይታይም፣ ኩራቱ ነው። "የበርሜላችን ብርቅ!" እንግዶቹ ከሥሩ ቆመው ፎቶ ተነሱ። አንዱ "የቢራ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ጥር 18
ሊቁ ተቀበለው! ማስታወሻ አክሎበታል፤ "ባለፉት ዓመታት ከመረመርኳቸው ጽሑፎች ውስጥ ጣሳ ያመነ ይህ የመጀመሪያው ነው።" ቀጭኔው ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ሦስተኛውን እኔ አነበብኩ።

ጽሑፉ ላይ የመገኛ ቦታው እንዲህ ይላል፤ የአትክልት ስፍራ፣ ከጣሪያ ውሃ የሚቀበል በርሜል፣ ሁለት መቶ ሊትር።

መጋቢት 3
ዛሬ ደብዳቤ መጣ። በእኔ ስም። ቀጭኔው ተሳስቶ ከፍቶት ነበር፣ ይቅርታ ጠይቆ ሰጠኝ።

የጻፈልኝ የማላውቀው ሰው ነው፤ ሩቅ ቦታ፣ እንደ እኔው የላብራቶሪ ቴክኒሻን። "እህቴ" ብሎ ይጀምራል። "ጽሑፋችሁን ፕሮፌሰሬ ጮክ ብሎ አነበበልን። ውሃ የተካችው ሁለተኛዋ ጸሐፊ ናት የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። እህቴ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመግቢያው አዳራሽ የዓሣ ገንዳ እየቀዳሁ የጎደሉ ጠርሙሶችን ስሞላ ኖሬአለሁ። ፕሮፌሰሬ ከእነዚያ ጠርሙሶች ስለ ሦስት ሐይቅ በስሙ አሳትሟል። አሁን የትኛው ሐይቅ፣ ሐይቅ እንደሆነ አላውቅም። ሄጄ ልንገረው ወይስ ዓሣዎቹ እስኪሞቱ ልጠብቅ?"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሦስት ሐይቅ!

ሥራዬን አቁሜ ወዲያው መልስ ጻፍኩለት።

"ወንድሜ፣ ዓሣዎቹን ተዋቸው፣ ምን አጠፉ? ዛሬውኑ ንገረው። ባዶ እጅህን ግን እንዳትሄድ። መጀመሪያ ገንዳውን መርምር፣ የትኛው እንግዳ ከዚያ እንደመጣ ለይ፣ ሕያውን በጠርሙስ ይዘህ ግባ። ይቆጣል። ይቆጣ። ቁጣው ሲበርድለት ጠርሙሱን ማየቱ አይቀርም፤ ካየ ደግሞ ወንበር አምጣልኝ ይልሃል። የማታውቀው ፍጥረት ከሆነ ሥዕሉን ላክልኝ፣ እኔ አየዋለሁ።"

በሙሉ ስሜ ፈርሜ ላክሁት።